ፈንግል በገበያ ቅርጫት

«ዶሮ ተወደደ!»፣ «ሽንኩርት ጨመረ!»፣ «ቅቤማ አይቀመስም!»። እንቁጣጣሽ፣ ገናና ፋሲካ በመጡ ቁጥር ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን የማናጣው ዜና ይሄ ነው። ጋዜጠኛው ማይክራፎኑን ይዞ ገበያ ይወርዳል፤ ሻጩን ይጠይቃል፣ ገዢውን ይጠይቃል። ሻጩ «ከአምናው ይሻላል» ይላል፤ ገዢው «ኧረ የሚቀመስ አይደለም» ይላል፤ ዜናው እዚያ ላይ ያልቃል። ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት የሚሉትን ስድስት ጥያቄዎች ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ስንሸመድዳቸው ቆይተናል። የዶሮ ዜና ላይ ግን «ለምን» የምትለዋ ጥያቄ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ትቀራለች።

መልሱ አንድ ብቻ አይደለም። የመኖ ዋጋ አለ፣ የትራንስፖርት አለ፣ የደላላ አለ። በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ግን አንዷን እናት «ዘንድሮ ለምን ዶሮ አላወጣሽም?» ብለን ብንጠይቃት የምትመልስልን ብዙ ጊዜ አንዲት ቃል ናት፦ ፈንግል።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ ፈንግል ምን እንደሆነ፣ ከቤት ወደ ቤት እንዴት እንደሚሄድና እንዴት እንደሚከለከል የማውቀውንና አንብቤ የተረዳሁትን ለማካፈል እሞክራለሁ። ዋናውን ሐሳቤን ግን አስቀድሜ ልናገር። ፈንግልን የሚያመላልሰው ሰው ነው፤ በእግሩና በገበያ ቅርጫቱ። ስለዚህ አንዲት ሴት የራሷን ጓሮ ብቻ ጠብቃ አታመልጠውም። የምታመልጠው ከጎረቤቶቿ ጋር ስትሆን ነው።

ዶሮዋ የማን ናት?

የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 ዓ.ም. ባካሄደው የእንስሳት ናሙና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ 57 ሚሊዮን ገደማ ዶሮዎች ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ ከአምስቱ አራቱ የአገር ዘር ናቸው። ማለትም ወሰራዋ፣ ገብስማዋ፣ ዛጎልማዋ፣ ጓሮ ለጓሮ ስትጭር የምትውለው የእናቶቻችን ዶሮ። ይህች ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው። ከዚያውም ላይ የተወሰነው ይታቀፋል፣ የተወሰነው ይሸጣል፣ ለእንግዳና ለታመመ ሰው ደግሞ ይጠበሳል።

ቁጥሩ ትንሽ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው ካለ የገጠሩን ቤት ኢኮኖሚ በደንብ አላየውም። በእኛ አካባቢ በሬው፣ ጤፉና ባሕር ዛፉ በአብዛኛው በአባወራው እጅ ናቸው። የዶሮና የእንቁላል ገንዘብ ግን የእመቤቲቱ ነው። ጨው፣ ቡና፣ ሳሙና፣ የልጅ ደብተርና እስክሪብቶ የሚገዛው በዚያ ነው። እናት ማንንም ሳታስፈቅድ የምታዝዘው ብቸኛ ገንዘብ እሱ ነው ማለት ይቻላል። እኔ ቢቸና ላይ ስማር ደብተሬ የሚገዛው በእንቁላል ነበር፤ ሞጣ ያሉት የእናቴ ወገኖችም ልጆቻቸውን ያስተማሩት ከዚህ በተለየ መንገድ አልነበረም።

እንግዲህ ፈንግል ሲገባ የሚሞተው ዶሮ ብቻ አይደለም። የዚያች እናት ኪስ ነው ባዶ የሚሆነው። አንድ ግንቦት ላይ እኛ ቤት ከነበሩት 14 ዶሮዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ የተረፉት ሁለት ነበሩ። በሬ ቢሞት ጎረቤት ለቅሶ ይደርሳል፤ መንደሩ ያወራዋል። 12 ዶሮ ሲሞት ግን «ፈንግል ገባ» ተብሎ ይታለፋል። ለዓመታት የገረመኝ ይሄ ነው፤ እንደ ዝናብና እንደ በረዶ ከሰማይ የወረደ ይመስል «ምን ይደረጋል» ተብሎ መተዉ።

ስሙ ምን ይላል?

«ፈነገለ» ማለት ገለበጠ፣ ገፍቶ ጣለ ማለት ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች በሽታውን በደንብ አይተውታል። ማታ ደህና ሆና ቆጥ ላይ የወጣች ዶሮ ጧት ከሥሩ ተዘርራ ትገኛለች።

የእንስሳት ሐኪሞች «ኒውካስል» ይሉታል። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1926 በሽታው ከታየባት የእንግሊዝ ከተማ ነው። በዚያው ዓመት በኢንዶኔዥያዋ የጃቫ ደሴትም ታይቷል። በአገራችን ታሪክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 አሥመራ በነበረ የዶሮ እርባታ ላይ መገኘቱ ተመዝግቧል። ከዚያ ወዲህ ከደጋ እስከ ቆላ ያልደረሰበት አካባቢ የለም ማለት ይቻላል።

በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ይሄ ነጥብ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከታች የማነሳው ሁሉ በእሱ ላይ ስለሚቆም ያዝ እናድርገው። ቫይረሱ በታመመችው ዶሮ ኩስ፣ በአፏና በአፍንጫዋ ፈሳሽ፣ በትንፋሿም ይወጣል። ወደ ጤነኛዋ የሚገባው ደግሞ በምትጭረው አፈር፣ በምትጠጣው ውኃና በምትተነፍሰው አየር ነው። ከገባ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ ከ2 እስከ 15 ቀን ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜ ግን 5 ወይም 6 ቀን ነው። አስተውሉ፣ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ዶሮዋ ስትታይ ደህና ናት። ትበላለች፣ ትጭራለች፣ ገበያም ትወጣለች።

ምልክቱ ሲጀምር ዶሮዋ ትኩዛለች፣ ላባዋ ይቆማል፣ ክንፏ ይወድቃል። አረንጓዴ የሚመስል ተቅማጥ ያስቀምጣታል። አፏን ከፍታ እያቃሰተች ትተነፍሳለች። በዓይኗ ዙሪያ የምታብጥም አለች። ከሞት ለጥቂት ቀናት የተረፈችው አንገቷ ይጠመዘዛል፣ ወደ ኋላ ትሄዳለች፣ እግሯ ሽባ ይሆናል። እንቁላል የምትጥል ከሆነም ታቋርጣለች ወይም ልፍስፍስ ቅርፊት ያለው እንቁላል ትጥላለች። ክትባት ባላገኘ መንጋ ውስጥ ኃይለኛው ዓይነት ከገባ ከ100 ዶሮ 90ውን፣ አንዳንዴም ሁሉንም ሊጨርስ ይችላል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በእኛ አካባቢ ዶሮ በብዛት ከሞተ ሁሉም «ፈንግል» ነው የሚባለው። የዶሮ ኮሌራ፣ የዶሮ ታይፎይድ፣ ጉምቦሮ የሚባለው የጫጩቶች በሽታ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ኮክሲዲዮሲስ፣ ፊቷንና የራሷን ቀይ ሥጋ በቁስል የሚሸፍነው የዶሮ ፈንጣጣ፣ እነዚህ ሁሉ አሉ። መድኃኒታቸውም መከላከያቸውም አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ሁለትና ሦስት ዶሮ በተከታታይ ከሞተ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ኬላ ወይም ለወረዳው ክሊኒክ መናገር የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ከደጀን እስከ ሞጣ

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በግንደ ወይን አድርጎ ሞጣ የሚገባውን መንገድ የሄደበት ሰው ያውቀዋል። በዓል ሲቃረብ የአውቶቡሱና የአይሱዙው ጣሪያ በዶሮ ይሞላል። ከቢቸና በኩል ያለው በደጀን አድርጎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ ከሞጣ በኩል ያለው ደግሞ በአዴት አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዷ ዶሮ እግሯ ታስሮ ከገጠር ቀበሌ ተነስታ በእግረኛ እጅ ወደ ትንሹ ገበያ፣ ከትንሹ ገበያ በነጋዴ ቅርጫት ወደ ትልቁ ገበያ ተጉዛለች። በየገበያው ከሌላ መንደር ዶሮዎች ጋር አንድ ቅርጫት ውስጥ ታጭቃለች፣ አንድ መሬት ላይ ትኮሳለች።

በዓልን ምን ልዩ ያደርገዋል ካላችሁ ጾሙ ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ውስጥ በአብዛኛው ቤት ዶሮ አይታረድም፤ እንቁላልም አይበላም። የሚታረድ ስለሌለ ዶሮው ጓሮ ላይ ይቆያል፣ ይበዛል። ፋሲካ ሲቃረብ ግን ሁሉም በአንድ ሳምንት ገበያ ይወጣል። ያልተሸጠውም ማታ ወደ ቤት ይመለሳል። የሚመለሰው ታዲያ ብቻውን ላይሆን ይችላል። ከሌላ ሰው ዶሮ ጋር ሲተነፍስ ውሎ ነው የሚመለሰው። ከፋሲካ በኋላ ግንቦትና ሰኔ ይከተላሉ፤ ዝናቡ ይጀምራል፣ መሬቱ ይረጥባል፣ ፀሐይ ትቀንሳለች። ቫይረሱ በፀሐይ ቶሎ ይሞታል፤ ጥላና እርጥበት ባለበት ግን ዕድሜው ይረዝማል። ሰዉ «ፈንግል ከዝናቡ ጋር ይመጣል» የሚለው ያየውን ነው፤ ነገር ግን ከዝናቡ በፊት የመጣ የገበያ ቀን መኖሩ ይዘነጋል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ደግሞ ሌላ ነው። ጎረቤት ቤት ዶሮ ሞተ ሲባል ሰው ምን ያደርጋል? «ሳትሞትብኝ ልሽጣት» ይላል። ይህ ክፋት አይደለም፤ ደብተር የሚገዛበት ገንዘብ ከእጁ ሊወጣ ሲል ያየ ሰው የሚወስደው እርምጃ ነው። ውጤቱ ግን መጥፎ ነው። የመታመሚያዋ ቀን ያልደረሰ ዶሮ ገበያ ትወጣለች፤ ሰዉ ለመሸጥ ስለሚጣደፍ ዋጋዋ ይረክሳል። ከሌላ መንደር የመጣች ሴት «ርካሽ አገኘሁ» ብላ ትገዛታለች፤ ቤቷ ወስዳ ከራሷ ዶሮዎች ጋር ቆጥ ላይ ታወጣታለች። ከሳምንት በኋላ የአዲሲቷም የአሮጌዎቹም ሬሳ አንድ ላይ ይጣላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ተረት ለዚህ የተተረተ ነው የሚመስለው።

ዶሮ የማይገዛና የማይሸጥ ሰውም አያመልጥም። የታመመችውን አርዶ ላባዋንና አንጀቷን ከአጥር ውጪ የጣለ ጎረቤት አለ፤ የሞተችውን ዶሮ ውሻ ጎትቶ ከጓሮ ጓሮ ያዞራታል። ነጋዴው ቅርጫቱን ሳያጥብ ከቤት ቤት እየዞረ ይገዛል። የገበያ አፈር በጫማችን ሥር ተለጥፎ ይገባል። አጥር ሰውንና ከብትን ይከለክላል እንጂ ይህንን አይከለክልም።

ሎሚው፣ ፌጦው፣ አረቄው

ፈንግል ሲገባ በየቤቱ የሚሞከረው መድኃኒት ብዙ ነው። ሎሚ በውኃ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ አረቄ የተነከረ እንጀራ። ከተሜውማ ከመድኃኒት ቤት ለሰው የሚሰጠውን የቴትራሳይክሊን እንክብል ገዝቶ፣ ፈትቶ ዱቄቱን ውኃ ውስጥ ይበትናል።

ቅድም «ያዝ እናድርገው» ያልኳችሁ ነጥብ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ፈንግል የቫይረስ በሽታ ነው። ቴትራሳይክሊን ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም። ለፈንግል ፈውስ የሚሆን መድኃኒት በዓለም ላይም የለም። ከመድኃኒት ቤት የተገዛው እንክብል ገንዘብ ያባክናል፤ ከዚያም አልፎ በሥጋና በእንቁላል በኩል ወደ ሰው ገብቶ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲለምዱ ያደርጋል። ከበሽታው የተረፉ ጥቂት ዶሮዎች ሁልጊዜ አሉና ሎሚ የጠጣችው ስትተርፍ ምስጋናው ለሎሚው ይሆናል። ሎሚ ያልጠጣችውና የተረፈችው ግን አትቆጠርም።

በነገራችን ላይ ሰውን በተመለከተ ፈንግል ብዙም አስጊ አይደለም። የታመመ ዶሮ የነካ ወይም ክትባት የሚሰጥ ሰው ዓይኑ ለጥቂት ቀናት ሊቀላ ይችላል። በደንብ የበሰለ ሥጋም ቫይረሱን አያስተላልፍም። ችግሩ ሲታረድ የሚፈሰው ደም፣ ላባውና አንጀቱ ነው። የታመመች ዶሮ ደግሞ ያለችባት ምን እንደሆነ ስለማይታወቅ አርዶ ከመብላት መቅበሩ ይሻላል።

ክትባቱ አለ፤ ብልቃጡ ግን ትልቅ ነው

«ታዲያ መድኃኒት ከሌለው ምን ተሻለ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ክትባት። ደስ የሚለው ደግሞ ክትባቱ ከውጭ የሚጠበቅ አለመሆኑ ነው። ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የፈንግል ክትባቶችን ያመርታል። በዚያችው ከተማ የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ጥራት መቆጣጠሪያ ማዕከልም ይገኛል። ማለትም ችግሩ ያለባት አገርም መፍትሔው የሚመረትባት አገርም አንድ ናት።

ክትባቶቹ በርከት ያሉ ናቸው። ኤች ቢ ዋን የሚባለው ለጫጩቶች ይሰጣል። ላሶታ የሚባለው ከፍ ላሉት ብዙ ጊዜ በመጠጥ ውኃ ይሰጣል። ሁለቱም ከፋብሪካ እስከ ዶሮዋ ድረስ በማቀዝቀዣ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለባቸው። ሦስተኛው «አይ ቱ» የሚባለው ነው። ይህ ክትባት በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተለይ ለገጠር ዶሮ ያዘጋጁት ሲሆን ሙቀትን ከሌሎቹ በተሻለ ይቋቋማል። ለሚፈልጉ ታዳጊ አገሮች ዘሩ በነፃ የተሰጠ ነው። ይቋቋማል ሲባል ግን ፀሐይ ላይ ይሰጣ ማለት አይደለም፤ እሱም ቅዝቃዜና ጥላ ይፈልጋል። አሰጣጡ ቀላል ነው፦ በአንድ ዓይኗ ውስጥ አንዲት ጠብታ፣ ጠብታዋ ዓይኗን እስክታዳርስ ዶሮዋን መያዝ፣ ከዚያ መልቀቅ። ከ3 ወይም ከ4 ወር በኋላ ይደገማል።

እንግዲህ የነገሩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ነው። ክትባቱ በብልቃጥ ነው የሚመጣው፤ አንዱ ብልቃጥ ብዙ ጊዜ ለ50፣ ለ100 ወይም ከዚያ ለሚበልጥ ዶሮ የተዘጋጀ ነው። አንዴ ተከፍቶ ከተበጠበጠ በዚያው ዕለት ማለቅ አለበት፤ ለነገ አይቀመጥም። ስምንት ዶሮ ያላት ሴት የ100 ዶሮ ብልቃጥ አስከፍታ 92ቱን ልትደፋ ነው? ሐኪሙስ ለስምንት ዶሮ ብሎ ብልቃጥ ይከፍታል? ትልልቆቹ የዶሮ እርባታዎች የሚከተቡትና የጓሮ ዶሮ ሳይከተብ የሚቀረው በእውቀት ማነስ ብቻ አይደለም። ብልቃጡ የተሠራው በእነሱ ልክ ነው።

ነገር ግን ሒሳቡን እንየው። ስምንት ዶሮ ያላቸው 12 ቤቶች ቢሰባሰቡ 96 ዶሮ ነው። ብልቃጡ ሞላ ማለት ነው። ዋጋው ለ12 ሲካፈል ለአንድ ቤት የሚደርሰው በጣም ትንሽ ነው። በእኛ አገር 12 ሴት መሰብሰብ ደግሞ የሚቸግር አይደለም። ዕድር አለ፣ ማኅበር አለ፣ ሰንበቴ አለ፣ ዕቁብ አለ። ለድግስ እንጀራ ተከፋፍለው የሚጋግሩ ሴቶች አንድ ብልቃጥ መካፈል አያቅታቸውም። በዚያ ላይ የአንዷ መከተብ ብቻውን የሌላዋን ሥጋት አይቀንስም፤ የ12ቱም አንድ ቀን መከተብ ግን በመንደሩ ውስጥ ቫይረሱ የሚረማመድበትን ድንጋይ ያነሳዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ?

ጊዜውስ? ከበዓላቱና ከዝናቡ ጋር አስተያይቼ ሳሰላው ሦስት ወሮች ይመጡልኛል፦ ኅዳር፣ መጋቢትና ሐምሌ። ኅዳር ከገናና ከጥምቀት ገበያ በፊት ነው። መጋቢት ከፋሲካ ገበያና ከግንቦት ዝናብ በፊት ነው። ሐምሌ ከእንቁጣጣሽ ገበያ በፊት ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነትም አራት አራት ወር ነው። ትክክለኛውን ፕሮግራም የአካባቢው የእንስሳት ሐኪም ይወስነው፤ ነገር ግን ማንም እናት ልታስታውሰው የምትችል አቆጣጠር ያስፈልጋል ባይ ነኝ። ክትባቱ ኃይል የሚያገኘው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ በዓሉ ዋዜማ ላይ መሯሯጥ አይጠቅምም። በሽታው ከገባ በኋላ የታመመችውን መከተብም አያድናትም።

በርግጥ ሁሉም ነገር በእናቶች ትከሻ ላይ የሚጣል አይደለም። ብልቃጡ ወረዳው ድረስ መድረስ አለበት። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የቀጠለው ግጭት መንገድና የመንግሥት አገልግሎት ማወኩን ሁላችንም እናውቃለን። መንገድ ሲዘጋ የክትባት ማቀዝቀዣ ሣጥንም ይቆማል፣ መብራት ሲጠፋ ፍሪጁም ይሞቃል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር የተሻሻሉ ጫጩቶች በየቤቱ እንዲደርሱ የሚያበረታታ ነው። ጥሩ ነው። የተሻሻለ ዘር ግን ለፈንግል ከአገሩ ዶሮ የተሻለ ጋሻ የለውም። ስለዚህ ጫጩት የሚቀበል ሰው «ስንት እንቁላል ትጥላለች?» ከማለቱ በፊት «የትኞቹን ክትባቶች ወስዳለች? ቀጣዩስ መቼ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ይበጀዋል።

በየቤቱ የሚሠራ ሥራ

ክትባቱ ዋናው ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ገንዘብ የማይጠይቁ ወይም ብዙ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ከገበያ የተገዛች ወይም ሳትሸጥ የተመለሰች ዶሮ ከሌሎቹ ጋር ወዲያው አትቀላቀል። ለ14 ቀን በሌላ ክፍል ወይም ከጓሮው ማዶ ለብቻዋ ትቆይ፤ የምትበላበትና የምትጠጣበት ዕቃም የራሷ ይሁን። በሽታ ካለባት ብዙ ጊዜ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ይወጣል። መጀመሪያ ጤነኞቹን፣ ቀጥሎ አዲሲቱን መመገብ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ በሽታውን በእጃችን እናደርስላቸዋለን።

ሁለተኛ፣ ዶሮ መታመም ከጀመረ ገበያ አይወጣ፤ ከጎረቤትም አይገዛ። ይህን ሕግ አንድ ቤት ብቻውን ቢያከብረው ይጎዳል፤ ዕድሩ ወይም ማኅበሩ በአንድ ላይ ቢወስነው ግን ሁሉም ይጠቀማል።

ሦስተኛ፣ የሞተች ዶሮ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ትቀበር ወይም ትቃጠል። ኖራ ካለ ከላይ ይነስነስባት። ወንዝ ውስጥና ገደል ሥር መጣል ለውሻና ለቀበሮ መደገስ ነው።

አራተኛ፣ ቆጡ ይጸዳ። በብዙ ቤት ዶሮ የሚያድረው ከሰው ጋር ነው፤ ምክንያቱም ሽለምጥማጥና ሌባ አለ። ቢቻል ከቤቱ ግድግዳ ጋር ተያይዞ በእንጨትና በጭቃ የሚሠራ፣ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቤት ቢኖራቸው ለሰውም ለዶሮም ይሻላል። ካልተቻለ ከቆጡ ሥር አመድ ወይም ገለባ አንጥፎ ኩሱን በየጊዜው ማውጣት ነው። የመጠጫው ውኃ በየቀኑ ይቀየር፤ ዕቃውም ይታጠብ።

አምስተኛ፣ ቅንቅን። ቅንቅን ደም ይመጣል፣ ታቃፊ ዶሮ ከእንቁላሏ ላይ እንድትነሳ ያደርጋል፤ የደከመች ዶሮ ደግሞ ለሌላ በሽታ ትመቻለች። ዶሮ በደረቅ አፈርና በአመድ ውስጥ ስትንከባለል መታጠቧ ነውና ዝናብ የማይደርስበት የአመድ ቦታ ይዘጋጅላት።

የዱር ወፍና የ1998ቱ ድንጋጤ

ዳክዬና ዝይ ማርባት በእኛ አካባቢ የተለመደ አይደለም። የሚያረባ ካለ ግን ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፦ ዳክዬና ዝይ የፈንግልን ቫይረስ ይዘው ብዙም ሳይታመሙ ሊቆዩ ይችላሉ። ደህና መስለው ዶሮውን ይጨርሱታል ማለት ነው። ስለዚህ ከዶሮ ጋር በአንድ ውኃና በአንድ ቤት ባይቀላቀሉ ይመረጣል። በጣና ሐይቅ፣ በዓባይ ዳርና በጮቄ ተራራ ረግረግ ላይ የሚታዩት የዱር የውኃ ወፎችም የወፍ ጉንፋን ቫይረሶችን ሳይታመሙ ሊሸከሙ ይችላሉ። ዶሮዎች የዱር ወፍ ከሚበዛበት ኩሬ እንዳይጠጡ ማድረጉ ለጥንቃቄ ይረዳል።

የወፍ ጉንፋን ሲነሳ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የሚጠቅም አንድ ታሪክ አለ። በየካቲት 1998 ዓ.ም.፣ ዓለም ሁሉ በኤች ፋይቭ ኤን ዋን በተጨነቀበት ሰዓት፣ በጉራጌ ዞን ጉብሬ በሚገኝ የዶሮ እርባታ በሺዎች የሚቆጠሩ ዶሮዎች ሞቱ። ጥርጣሬው ወሬ ሆኖ አገር አዳረሰ። የላቦራቶሪ ምርመራው የወፍ ጉንፋን አለመሆኑን አሳየ። እስከዚያ ድረስ ግን በከተማ ብዙ ሰው ዶሮና እንቁላል መብላት ፈራ፣ ዋጋውም ወረደ። የተጎዳችው እንቁላሏን ይዛ ገበያ የወጣችው ሴት ነበረች። አንድ ያልመጣ በሽታ በዜና ሲጮኽ፣ በየዓመቱ የሚመጣው ፈንግል በዚያን ሰሞን እንኳ ሥራውን አላቆመም ነበር።

ለእኛስ?

ፈንግል አዲስ አይደለም፣ ሰው አይገድልም። በተማርነው የዜና መመዘኛ ሲለካ ይወድቃል። ነገር ግን የሚነካው ሰው ብዛትና መፍትሔው ያለ መሆኑ ሚዛን ላይ ቢወጣ ከብዙ የስብሰባ ዜና ይበልጣል። አንዲት የአምስት ደቂቃ የሬዲዮ ዝግጅት በጥቅምት ተላልፋ «በኅዳር ብልቃጥ ተካፈሉ፤ ከገበያ የተመለሰችውን ዶሮ 14 ቀን ለይታችሁ አቆዩ» ብትል፣ ለአንዲት የሞጣ ወይም የቢቸና እናት ከዋጋ ዜናው የበለጠ ትጠቅማታለች። የዋጋውን ዜና እሷ ገበያ ላይ ከእኛ በፊት ሰምታዋለች።

ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት ለተግባር ልምምድ ወደየክልሉ ሬዲዮ የምንበተን ሁላችን፣ የበዓል ገበያ እንድንዘግብ ስንላክ አንድ ጥያቄ እንጨምር። «ዋጋው ስንት ነው?» ካልን በኋላ «ዶሮዎቹ ተከትበዋል ወይ? ካልተከተቡ ለምን?» እንበል። ሻጯ የምትሰጠን መልስ የወረዳውን የእንስሳት ጤና ኬላ፣ ፍሪጁን፣ መንገዱንና ብልቃጡን ተከትለን እንድንሄድ ያደርገናል። «ለምን» የምትለዋ ጥያቄ ያን ጊዜ መንገድ ላይ አትቀርም።

ቸር ይግጠመን!